ከስደት ተመላሾች ጋር የተግባር ልምምድ ለምትወጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፦ ከትብብር ደብዳቤው እስከ ስንብቱ

ኅዳር 2006 ዓ.ም. የሦስተኛ ዓመት የሳይኮሎጂ ተማሪ ነበርኩ። ሳውዲ ዓረቢያ ወረቀት የሌላቸውን ሠራተኞች ማባረር የጀመረችበት ሰሞን ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገር ተመለሱ። እኛም ከክፍላችን ተሰባስበን ለማገዝ ሄድን። ምን እንደምንሠራ የነገረን ሰው አልነበረም። ብርድ ልብስ አደልን፣ ውሃ አቀበልን፤ ሥራው ጋብ ሲል ደግሞ ማንም ሳያዘን ደብተርና እስክሪብቶ ይዘን ሰው መጠየቅ ጀመርን። አንዲት ልጅ ያንኑ ታሪክ በአንድ ቀን ለሦስት ተማሪዎች ተናገረች፤ ሦስተኛው ጠያቂ እኔ ነበርኩ። መሃል ላይ ዝም አለች፣ ሻርፗን ወደ ፊቷ ሳበች፣ እስከ ማታ ድረስ ከማንም ጋር ቃል አልተለዋወጠችም። እኔ ደግሞ ደብተሬን አጥፌ ወደ ዶርሜ ተመለስኩ። ያ ደብተር ለማንም ምንም አልጠቀመም።

ዛሬ በአንድ የተመላሾች መጠለያ ውስጥ ለተግባር ልምምድ የሚመጡ ተማሪዎችን እከታተላለሁ። ይህን መመሪያ የጻፍኩት በየሴሚስተሩ ለሚመጡት ሁሉ ደጋግሜ የምናገረውን በአንድ ቦታ ለማስቀመጥ ነው። ሶሻል ወርክም ተማሩ፣ ሳይኮሎጂም፣ ሶሲዮሎጂም፣ ሕግም፣ አንድ ነገር ከሁሉ በፊት ያዙልኝ፦ ወደ መጠለያው የምትሄዱት የሰው ታሪክ ለመሰብሰብ አይደለም። አንዲት ተመላሽ ዛሬ የሚያስፈልጋትን አንድ ነገር ዛሬ ለመጨረስ ነው። የቀረው ሁሉ ከዚህ ይከተላል።

1. መጀመሪያ የሥራውን ዓይነት ለዩ

ብዙ ተማሪ “ስደተኞች ላይ የሚሠራ ድርጅት” ብሎ ብቻ ይፈልጋል። ከውጭ ሲታይ አንድ ሥራ ይመስላል፤ ውስጡ ሲገቡ ግን የተለያየ ነው። ተመላሾች ከአውሮፕላን ሲወርዱ የሚደረገው አቀባበል የሰዓታት ሥራ ነው፦ ምዝገባ፣ ምግብ፣ የታመመውን መለየት፣ ወደ ትውልድ ቦታ የሚወስድ ትራንስፖርት። እዚህ ላይ መንግሥትና ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ዋናውን ድርሻ ይይዛሉ። መጠለያ ደግሞ ሌላ ነው። ወዲያው ወደ ቤታቸው መሄድ የማይችሉ፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ለሳምንታት ወይም ለወራት የሚያገግሙበት ቤት ነው፤ እንደ አጋር ኢትዮጵያ ያሉ አገር በቀል ድርጅቶች ለዓመታት የሠሩት በዚህ ላይ ነው። ከዚያ የሙያ ሥልጠናና የመቋቋሚያ ሥራ አለ። የሕግ ድጋፍም አለ፤ ያልተከፈለ ደመወዝ፣ የደላላ ክስ፣ የጠፋ ሰነድ። በመጨረሻም ሰዎቹ በወጡበት ቀበሌ ከቤተሰብና ከእድር ጋር የሚደረግ የማኅበረሰብ ውይይት አለ።

የሕግ ተማሪ ከሆናችሁ መጠለያ ውስጥ ሻይ ስታቀርቡ ሴሚስተሩ እንዳያልቅባችሁ፤ የሕግ ድጋፍ ያለበትን ፈልጉ። የሳይኮሎጂና የሶሻል ወርክ ተማሪዎች ግን ከሻይ ብትጀምሩ ደስ ይለኛል፤ ለምን እንደሆነ በኋላ ታያላችሁ። ልምምዳችሁ ስድስት ሳምንት ብቻ ከሆነ ሰው በየቀኑ የሚለዋወጥበትን የአቀባበል ሥራ አልመክርም። ብዙ ታያላችሁ፣ ጥቂት ትማራላችሁ።

2. ደብዳቤውና የመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ

ሴሚስተሩ ከመጀመሩ ቢያንስ ሁለት ወር ቀድማችሁ ተነሱ። ከትምህርት ክፍላችሁ የትብብር ደብዳቤ አጽፉ፤ በደብዳቤው ላይ ስማችሁ፣ የትምህርት ዘርፋችሁ፣ የልምምዱ ቀናትና የአማካሪ መምህራችሁ ስልክ ይኑር። ደብዳቤውን በፖስታ ቤት ወይም በኢሜይል ብቻ አትላኩ፤ ይዛችሁ ሂዱ፣ መዝገብ ቤት አስገቡ፣ የገቢ ቁጥሩን ያዙ። አንዳንድ ድርጅት ከወንጀል ነፃ ማስረጃ ይጠይቃል፣ ሁሉም ለማለት ይቻላል የሥነ ምግባር ደንብ ያስፈርማል። ሳታነቡ አትፈርሙ።

ሲጠሩዋችሁ እናንተም ጠይቁ። የሚከታተለኝ ባለሙያ ማን ነው፣ በሳምንት ስንት ጊዜ ቁጭ ብሎ ያናግረኛል? ተማሪ የማይገባበት ሥራ የትኛው ነው? አንዲት ሴት ራሷን ልትጎዳ እንደምታስብ ብትነግረኝ በዚያች ደቂቃ ለማን ነው የምናገረው? ለብቻ ሰው ማነጋገሪያ ክፍል አለ? ለእነዚህ መልስ የሌለው ድርጅት በጎ ፈቃድ ቢኖረውም ለተማሪ ገና አልተዘጋጀም ማለት ነው። የትራንስፖርት ጉዳይንም ሳታፍሩ አንሱ። ከስድስት ኪሎ መጠለያው ድረስ በቀን ሁለት ታክሲ የምትቀያየር ልጅ ወር ሳይሞላ ስትቀር አይቻለሁ፤ ምክንያቷንም የነገረችን ከቀረች በኋላ ነው።

ቋንቋችሁንም ተናገሩ። አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሀዲይሳ፣ ከምባትኛ፣ ዓረብኛ ብትችሉ ከዲግሪያችሁ በላይ የምትፈለጉበት ቀን ይመጣል። ከጅማ፣ ከአርሲ፣ ከባሌ የመጣች ልጅ በአማርኛ “ደህና ነኝ” ትልና ታልፋለች፤ በእናቷ ቋንቋ ስትጠየቅ ነው ጨጓራዋን እንደሚያቃጥላት የምትናገረው።

3. ከመግባታችሁ በፊት የሚነበብና የሚታወቅ

አራት አዋጆችን አንብቡ። የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008፣ ማሻሻያው ቁጥር 1246/2013፣ በሰው የመነገድና ሰውን በሕገወጥ መንገድ ድንበር የማሻገር ወንጀልን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1178/2012፣ እንዲሁም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016። ሁሉንም መሸምደድ የለባችሁም። ግን አዋጅ 923 የመግቢያ ቪዛውንና የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱን ወጪ በአሠሪው ላይ እንደጣለ ስታውቁ፣ “ለቪዛዬ ከፍዬ ነው የሄድኩት” የሚለው ቃል ጆሯችሁ ላይ በከንቱ አያልፍም። ለሕግ ባለሙያው የሚተላለፍ ጉዳይ መሆኑን ታውቃላችሁ።

መንገዶቹን በካርታ ላይ እዩ። በምሥራቅ በጅቡቲ ኦቦክ ወይም በሶማሊያ ቦሳሶ በኩል የመን ተሻግሮ ሳውዲ፤ በደቡብ በሞያሌ አድርጎ በኬንያና በታንዛኒያ ወደ ደቡብ አፍሪካ፤ በሰሜን ምዕራብ በመተማ በኩል ሱዳን፣ ከዚያ ሊቢያ። ከሀዲያና ከከምባታ የወጣ ወጣት የሚናገረው ስለ ደቡቡ መንገድ ሊሆን ይችላል፤ ከወሎ የመጣው ደግሞ ስለ ባህሩ። የትኛውን መንገድ እንደሚያወሩ ካላወቃችሁ በየዓረፍተ ነገሩ “የት ነው እሱ?” እያላችሁ ታቋርጧቸዋላችሁ።

ዘመኖቹንም ለዩ። መንግሥት በጥቅምት 2006 ወደ ዓረብ አገራት የሚደረገውን የሥራ ጉዞ አግዶ ነበር፤ እገዳው የተነሳው በ2010 ነው። ስለዚህ በእነዚያ ዓመታት መካከል የሄደች ሴት “ለምን በሕጋዊ መንገድ አልሄድሽም?” ተብላ ብትጠየቅ መልሱ ቀላል ነው፤ ሕጋዊው በር ተዘግቶ ነበር። በ2009 ሳውዲ ወረቀት የሌላቸው ያለ ቅጣት እንዲወጡ የፈቀደችበት የምሕረት ጊዜ መጣ። በ2012 በኮሮና ወረርሽኝ ሰሞን የተመለሱት በቀጥታ ወደ ማቆያ ነው የገቡት፤ አንዳንዱ ማቆያ የዩኒቨርሲቲ ዶርም ነበር። እናንተ ዛሬ የምትተኙበት አልጋ ላይ ሊሆን ይችላል። ከመጋቢት 2014 ጀምሮ ደግሞ በሁለቱ መንግሥታት ስምምነት በሳውዲ እስር ቤቶች የነበሩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተመለሱ። የእስር ቤት ተመላሽና ኮንትራቷን ጨርሳ የመጣች ሴት አንድ ዓይነት ሸክም የላቸውም።

ቃላቱንም ልመዱ። “በኮንትራት” የሄደች በኤጀንሲ የሄደች ናት፤ “በባህር” የሄደ በየመን የተሻገረ ነው። “ኢቃማ” የመኖሪያ ፈቃድ ነው፣ “ከፊል” ዋስ የሆነው አሠሪ፣ “ማዳም” የቤቱ እመቤት። “ጠፍታ” ትሠራ ነበር ከተባለ ከአሠሪዋ ቤት ወጥታ ለብቻዋ እየሠራች ነበር ማለት ነው፤ “ሁሩብ” ያሉት ደግሞ አሠሪው ጠፋች ብሎ ያስመዘገበባትን ነው። ሽሜሲ በጅዳ አካባቢ ያለው የእስር ቦታ ነው። “አሻራ ሰጥቻለሁ” የምትል ሴት አሻራዋ ስለተያዘ በቅርቡ መመለስ አልችልም እያለቻችሁ ነው። ሊሴ ፓሴ ፓስፖርት ለሌለው የሚሰጥ የአንድ ጊዜ መጓጓዣ ወረቀት ነው። ሲናገሩት ግራ የተጋባ ፊት ካሳያችሁ “ይቺ ልጅ ምንም አታውቅም” ተብሎ ንግግሩ እዚያ ይቆማል።

4. የመጀመሪያው ሳምንት፦ ደብተር የለም

በእኔ ክትትል ሥር ያለ ተማሪ የመጀመሪያውን ሳምንት ደብተር አይዝም፣ ፎርም አይሞላም። ቁርስ ያቀርባል፣ ስልክ ቻርጅ ያደርጋል፣ ልጆች ያጫውታል፣ ሐኪም ቤት ሰው ያደርሳል፣ ሽንኩርት ይልጣል። አንዳንዶቹ ይከፋቸዋል፤ “ለዚህ ነው ሦስት ዓመት የተማርነው?” የሚል ዓይን አያለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ግን ሴቶቹ ስማቸውን ጠርተው ሲያናግሯቸው ይገባቸዋል። ለዓመታት በሰው ቤት ስታገለግል የኖረች ሴት፣ ሌላ ሰው ተነስቶ ሻይ ሲቀዳላት የሚሰማትን እኔ በቃል መግለጽ አልችልም፤ አንድ ጊዜ ሲሆን እዩት። ደግሞም ራሷ ተነስታ ልቅዳ ብትል አትከልክሏት።

የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ ሥራውን በሦስት ግሦች ያስቀምጠዋል፦ ተመልከት፣ አድምጥ፣ አገናኝ። ተማሪዎች ሁሉ ወደ ሁለተኛው ይሮጣሉ። የመጀመሪያው ሳምንት ለመጀመሪያው ነው። ማን አይበላም? ማን ማታ ኮሪደር ላይ ይቀመጣል? በር ሲንኳኳ የምትደነግጠው ማን ናት? ስልክ ሲጠራ ወጥታ የምትሄደውስ? ይህን በቃል ይዛችሁ ለሚከታተላችሁ ባለሙያ (ለተከታታያችሁ) ንገሩ።

5. ወደ ቤት የሚደወለው የመጀመሪያ ስልክ

በዚህ ላይ ረዘም ልበል፤ ከምትሠሩት ሁሉ ከባዱ እሱ ነውና።

ብዙዎቹ ስልካቸው ተወስዶባቸው ወይም ጠፍቶባቸው ነው የሚመጡት። ቁጥሩ ሁሉ የነበረው በዚያ ስልክ ውስጥ ነው። በቃሏ የምታስታውሰው የአንድ ጎረቤት ቁጥር ይሆናል፣ እሱም የተቀየረ። ያኔ ኢሞ በሚባለው የስልክ መተግበሪያ ትፈልጋላችሁ፤ ሪያድ ወይም ቤይሩት ያለች ጓደኛዋ ስም ታስታውሳለች፣ በጓደኛዋ በኩል የእህቷ ቁጥር ይገኛል። ካልተገኘ በወረዳዋ ባለው የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ በኩል ይሞከራል። ይህ ፍለጋ ሁለት ቀን ሊፈጅ ይችላል፤ የተማሪ ምርጥ ሥራም እሱ ነው፣ ምክንያቱም ባለሙያዎቹ ጊዜ የላቸውም፣ እናንተ አላችሁ።

ቁጥሩ ሲገኝ ወዲያው አትደውሉ። መጀመሪያ ሦስት ነገር ጠይቋት፦ “ከማን ጋር መነጋገር ትፈልጊያለሽ? ዛሬ ነው ወይስ ነገ? እኔ ልጀምረው ወይስ አንቺ?” ለእናቷ መደወል የማትፈልግ ሴት ትገጥማችኋለች። ይህን እንደ ጭካኔ አትዩት። ስትሄድ ምናልባት በሬ ተሽጧል፣ መሬት በወለድ አገድ ተይዟል፣ ከአራጣ አበዳሪ ብር ተወስዷል። ቤተሰቡ የሚጠብቀው በሻንጣ የምትመጣ ልጅ ነው። እሷ በላስቲክ ከረጢት ነው የመጣችው። የመጀመሪያው ጥያቄ “መቼ ደረስሽ?” ሳይሆን “ምን ይዘሽ መጣሽ?” ሊሆን እንደሚችል ከማንም በላይ እሷ ታውቃለች።

እናንተ ከጀመራችሁት የምትሉት ይህን ያህል ነው፦ ስማችሁን፣ ከየት እንደምትደውሉ በጥቅሉ፣ “ልጅዎ አገሯ ገብታለች፣ በሕይወት አለች፣ እዚሁ አጠገቤ ናት።” ታማ ከሆነ አትናገሩ። አርግዛ ከሆነ አትናገሩ። ታስራ እንደነበር አትናገሩ። ቢጠይቁ “እሷው ትነግርዎታለች” ይበቃል። ሰላምታው ካለቀ በኋላ ስልኩን ሰጥታችሁ ከጆሮ ርቀት ውጡ፤ በሩን ግን ሙሉ በሙሉ አትዝጉት። ስትጨርስ “ምን አሉሽ?” አትበሏት። ውሃ አምጡላት። ማውራት ከፈለገች ታወራለች።

6. አነጋገር

ሰው እንዴት መጠራት እንደሚፈልግ ጠይቁ። ዕድሜዋ ከእናንተ የሚበልጥን ሴት በ“እርስዎ” ጀምሩ፤ እሷ “አንቺ በይኝ” ካለች ተዉት። እኩያችሁን “እህቴ” ማለት ያስኬዳል፤ “የኔ ቆንጆ”፣ “ማሬ” ግን ለመጠለያ አይሆንም። ወንድ ተማሪ ከሆንክ ከሴቶቹ ራቅ ብለህ ተቀመጥ፣ በሩ ክፍት ይሁን፣ እጅ ለመጨበጥ ቀድመህ አትዘርጋ። ዘርግታ ከሆነ ጨብጥ።

“ምን አደረጉሽ?” አትበሉ። “ደፈሩሽ?” በፍጹም፤ ይህ የሠለጠነው ባለሙያ ሥራ ነው፣ እሱም ቦታና ሰዓት አለው። “እኛ ሰፈርም አንዲት ልጅ እንዲሁ ሆና…” ብላችሁ ሌላ ታሪክ አታምጡባት። “እግዚአብሔር ያውቃል” ወይም “አላህ ያውቃል” የምትለው እሷ ስትሆን መጽናኛ ነው፤ እናንተ ስትሉት ወሬውን እንደመዝጋት ሊሰማት ይችላል። ዝም ማለት ይቻላል። ለተማሪ ዝምታ ከባድ ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን ይለመዳል።

አንድ ነገር ከልቤ እጠይቃችኋለሁ፦ “አገር ውስጥ ሠርቶ መለወጥ ይቻላል” የሚል ስብከት አታሰሙ። ይህን ከሬዲዮ፣ ከስብሰባ፣ ከፖስተር ሰምተውታል። እሷ አምስት ዓመት ሌት ተቀን ሠርታ ወንድሟን ያስተማረች፣ ለአባቷ ቆርቆሮ ቤት የሠራች ሴት ልትሆን ትችላለች። ሥራ ወዳድነትን እኛ አናስተምራትም። እንደገና ለመሄድ የምታስብ ከሆነ ሐሳቧን ለማስቀየር አትጨቃጨቁ፤ ውሉን የሚያነብላት፣ መብቷን የሚነግራት ሰው ጋር አገናኟት።

7. ፎርም፣ ስምና ፎቶ

ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ የመቀበያ ፎርም እንድትሞሉ ሊፈቀድላችሁ ይችላል። ከመጀመራችሁ በፊት መረጃው ለምን እንደሚፈለግ፣ ማን እንደሚያየው፣ መልስ አለመስጠት እንደምትችልና ባትመልስም ከምግቡም ከአልጋውም እንደማይጎድልባት በግልጽ ንገሯት። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ተማሪ ይረሳዋል። ሴትየዋ ግን ካልተናገርኩ ያባርሩኛል ብላ ልትፈራ ትችላለች።

ስም ላይ ተጠንቀቁ። በፓስፖርቱ ላይ ያለው ስምና እናቷ ያወጣችላት ስም የማይገናኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ደላላው ሃይማኖትን የሚያሳይ ስም ቀይሮ፣ ዕድሜ ጨምሮ ያወጣው ፓስፖርት ነው፤ 18 ያልሞላት ልጅ በወረቀት 25 ትሆናለች። ሁለቱንም ስም፣ የትኛው ከየት እንደመጣ ለይታችሁ ጻፉ። ይህ ስህተት ዛሬ ካልተያዘ ነገ የቀበሌ መታወቂያ ወይም ፋይዳ ስታወጣ፣ ባንክ ደብተር ስትከፍት፣ የትምህርት ማስረጃዋን ስታመጣ ሁሉም በየበሩ ይገታታል። “ለምን ዋሸሽ?” የሚል ቃል ከአፋችሁ እንዳይወጣ፤ ስሙን የቀየረችው እሷ አይደለችም። ልጅ ይዛ ከመጣች ደግሞ የልጁ የልደት ማስረጃ መኖሩን አጣሩ፣ ከሌለ ለባለሙያው አሳውቁ፤ የወሳኝ ኩነት ምዝገባው ጊዜ ይወስዳል።

ማስታወሻችሁ ላይ ስም ሳይሆን የመዝገብ ቁጥር ይጻፍ። ፋይል ወደ ዶርም አይሄድም፣ በቴሌግራም አይላክም። ፎቶ አይነሳም። “እሷ ራሷ አብረን እንነሳ አለችኝ” ብትሉም አይነሳም፤ ዛሬ ደስ ብሏት የተነሳችው ፎቶ ነገ በፌስቡክ ዞሮ የትውልድ ቦታዋ ይደርሳል። በድርጅቱ በር ላይ የተነሳችሁትን የራሳችሁን ፎቶ እንኳ አካባቢው የሚታወቅ ከሆነ አትለጥፉ። ደላሎች መጠለያ ይፈልጋሉ።

8. ለማንም ሳይሆን ለባለሙያው ወዲያው የሚነገሩ

“ብሞት ይሻለኛል” የሚል ቃል፣ በቀልድም ቢሆን። መድኃኒት ማጠራቀም። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል። ደም መፍሰስ። ለብቻ ማውራት፣ ለቀናት አለመተኛት። ሕፃኗን አለማጥባት። መጠለያው አካባቢ የማይታወቅ ሰው መደጋገም። “ለማንም እንዳትነግሪብኝ” ተብላችሁ ከሆነ አስቀድማችሁ “ሕይወትሽን የሚጎዳ ነገር ከሆነ ለአንድ ሰው መናገር አለብኝ፣ ለማን እንደሆነም እነግርሻለሁ” በሉ። ከተናገረች በኋላ ማለት ክህደት ይሆናል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይህን ዓረፍተ ነገር አፋችሁ ላይ ያዙት።

ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ሰው ይዛችሁ ልትሄዱ ትችላላችሁ። ስሙ ብቻውን ሰውን ያስፈራል፤ ከእነ ጭራሹ አበድኩ ማለት ነው ብላ ታለቅሳለች። መንገድ ላይ “ሐኪም ዘንድ ነው” ብላችሁ ሸፋፍናችሁ አትውሰዷት። የት እንደምትሄዱ፣ ምን እንደሚጠይቋት፣ ዛሬውኑ አብራችሁ እንደምትመለሱ ንገሯት። ከተመለሳችሁም በኋላ መድኃኒቱን በሰዓቱ ማስታወስ የእናንተ ሥራ ሊሆን ይችላል።

9. ቃል መግባት

በአራተኛ ዓመቴ በሌላ ድርጅት ስለማመድ፣ አንዲት ተመላሽ አሠሪዎቿ ሰባት ወር ደመወዝ እንዳልከፈሏት ነገረችኝ። “አታስቢ፣ እናስከፍላቸዋለን” አልኳት። ይህን የማለት ሥልጣንም እውቀትም አልነበረኝም። ልምምዴ አልቆ ስሄድ ጉዳዩ ገና ጠረጴዛ ላይ ነበር። ወደ ትውልድ ቦታዋ ከመሄድ ይልቅ ያንን ገንዘብ እየጠበቀች ወራት መቀመጧን የሰማሁት ቆይቶ ነው። ያንን ቃል አሁንም አስበዋለሁ።

ስለዚህ ተማሪዎቼ “እናደርጋለን” የሚለውን ቃል እንዳይጠቀሙ እጠይቃለሁ። “እጠይቅልሻለሁ፣ ሐሙስ መልሱን እነግርሻለሁ” በሉ፤ ሐሙስ መልስ ባይኖርም ሄዳችሁ “መልስ የለም” በሏት። ገንዘብ ከኪሳችሁ አትስጡ፤ ካያችሁት ችግር ለድርጅቱ ንገሩ። የግል ስልካችሁን አትስጡ። ይህ ጭካኔ የሚመስላቸው ተማሪዎች አሉ። ግን በሌሊት ስድስት ሰዓት ስትደውልላችሁ ፈተና ላይ ሆናችሁ ባታነሱት፣ ስልክ ካልሰጣችኋት ቀን ይልቅ የዚያን ቀን ትጎዳለች።

10. ወደ ትውልድ ቦታ አብራችሁ ከሄዳችሁ

አንዳንድ ልምምድ ወደ ገጠር ይዘልቃል። መናኸሪያ ላይ ይጀምራል፤ የደሴ መስመር ከሆነ ላምበረት፣ የደቡብ ከሆነ ቃሊቲ። ትኬቱን እሷ ትያዘው። ቤት ስትደርሱ መጀመሪያ እሷ ትግባ፣ እናንተ ውጭ ቆዩ። ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ቡና ይፈላል፣ ስለ ዕዳው ዛሬ ማንም አያነሳም፤ እናንተም አታንሱ። በማግስቱ ነው ከአባት ወይም ከታላቅ ወንድም ጋር ስለሚቀጥለው ነገር የሚወራው። የእድር ዳኛውን፣ የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያውን፣ እቁብ የምትሰበስበዋን ሴት አግኙ። እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ እዚያ የሚኖሩት እነሱ ናቸው።

11. ራሳችሁንና ሪፖርታችሁን

ማታ ማታ የሰማችሁት ይመላለስባችኋል። እህታችሁ ወይም አክስታችሁ ዱባይ ወይም ኩዌት ከሆነች ደግሞ ይብሳል። ከመጀመሪያው ቀን ለተከታታያችሁ ንገሩ፤ የሚያሳፍር አይደለም፣ የትኛውን ጉዳይ እንደማይሰጣችሁ እንዲያውቅ ይረዳዋል። ለዶርም ጓደኛ ዝርዝር አታውሩ፤ ስለ ራሳችሁ ስሜት ግን አውሩ። በሳምንት አንድ ቀን መጠለያውን ጨርሶ የማያስታውስ ነገር አድርጉ።

የልምምድ ሪፖርት ስለ እናንተ ሥራ ነው፦ ምን ሠራችሁ፣ ምን ተሳሳታችሁ፣ ምን ተማራችሁ። የሴቶቹ ታሪክ ማጠናቀሪያ አይደለም። የመመረቂያ ጥናታችሁን እዚያው መሥራት ከፈለጋችሁ ሌላ በር ነው፤ ከዩኒቨርሲቲው የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ፣ ከድርጅቱ ስምምነት፣ ከእያንዳንዷ ሴት ፈቃድ ይጠይቃል። በልምምድ ላይ ሳላችሁ በጆሯችሁ የገባውን በኋላ “መረጃ” ብላችሁ መጠቀም አይቻልም። ሻይ ስትቀዱላት የነገረቻችሁ ለጥናት ብላ አይደለም።

12. ስንብት

ልምምዱ የሚያልቅበትን ቀን ከገባችሁ ቀን ጀምሮ ይወቁት። ከመጨረሻው ሁለት ሳምንት ሲቀር እንደገና ንገሩ፤ በተለይ ለተላመዳችሁ ሴት ለብቻዋ። እነዚህ ሴቶች ሳይሰናበቱ የተለዩዋቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ እናንተ በአንድ ዓርብ ድንገት ብትጠፉ በዚያው ዝርዝር ውስጥ ትገባላችሁ። የጀመራችሁትን ጉዳይ ሁሉ ለሚረከበው ሰው እየጠቆማችሁ፣ ሴትየዋ ባለችበት አስተዋውቁ፦ “ከሰኞ ጀምሮ የልጅሽን የልደት ወረቀት የምትከታተለው እሷ ናት።” ድግስ አታዘጋጁ፣ የመሰናበቻ ፎቶ አትነሱ። ስጦታ ከሰጧችሁ፣ በእጃቸው የሠሩት ጨርቅ ወይም ዳንቴል ከሆነ፣ ለተከታታያችሁ አሳይታችሁ ተቀበሉ፤ አለመቀበል ይጎዳቸዋል።

በመጨረሻው ቀን መታወቂያ ባጁን መልሱ፣ የማስታወሻ ወረቀቶቹን ለፋይል ክፍሉ አስረክቡ፣ በስልካችሁ ላይ ለሥራ ብላችሁ የመዘገባችኋቸውን ቁጥሮች ከተከታታያችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ አጥፉ። ከዚያ ወደ ኩሽና ግቡና ሻይ የቀዳችሁላቸውን ሴቶች አንድ በአንድ በስማቸው ጠርታችሁ ተሰናበቱ።